ቤዝ ጊታር በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ብቻ ዝዝ ሲል

ቤዝ ጊታርህን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ካመጣኸው ወዲህ ወፍራሙ ክር እስከ አራተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አራተኛው) ድረስ ዝዝ የሚለው፣ ድልድዩን (ክሮቹ የጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበትን ብረት) ከፍ ብታደርገውም ያልጠፋው፣ አንገቱ ከልክ በላይ ስለተቃና ይመስለኛል። ድልድዩን ለጊዜው ተወው።

ጊታሩን ቃኘውና ያንኑ ክር አንደኛውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ሰባተኛው ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከት። 0.3 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ክሩ ፍሬቱን ከነካ፣ በአንገቱ ውስጥ ያለውን፣ ቅናቱን የሚያስተካክለውን ዘንግ ብሎን ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ አላላው። እንደገና ቃኝተህ፣ እንጨቱ ከደሴ ብርድ ጋር እስኪላመድ አሳድረህ በማግስቱ ለካው። ክፍተቱ ትክክል ሆኖ አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ዝዝ ካለ፣ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከፍ ብሎ ይሆናል፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

አደራ፣ ብሎኑን በልኩ ባልሆነ ቁልፍ አትንካው። ጠርዙ የተበላ ብሎን ይዘው የሚመጡ ጊታሮች ገጥመውኛል፤ እሱን ማውጣት ከዝዝታው የባሰ ጣጣ ነው።