ከጣሪያው በፊት ካርታውን

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን በየቁምስናችሁ (በየአጥቢያችሁ) ምክር ቤት የሕንፃና የንብረት ኃላፊነት ለተረከባችሁ ወጣቶች ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም እዚሁ ጎንደር ለቤተ ክርስቲያን ቤቶች ጥገና የሙያ እገዛ ሳደርግ ቆይቻለሁ። እኛ ኃላፊነቱን በያዝንበት ዘመን ጣሪያ ሲያፈስ ወደ ባሕር ማዶ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር፤ ቢዘገይም ገንዘቡ ይመጣል። ያ በር ለእናንተ እየጠበበ ነው። ምክንያቱን ካላወቃችሁ ተመልሶ ይከፈታል እያላችሁ ትጠብቃላችሁና ልንገራችሁ።

ብዙውን ሕንፃችንን ያቆመው ከአውሮፓ ምእመናን ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ ካቶሊካዊ ከሚከፍለው የገቢ ግብር ላይ ተሰልቶ 8 ወይም 9 በመቶ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ ስሙን ከመዝገብ ያሰረዘ ግን አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ500,000 በላይ ካቶሊካውያን ስማቸውን አሰርዘዋል። ሚስዮናውያን የሚልኩልን ማኅበራትም አባሎቻቸው አርጅተውባቸዋል፣ ተተኪም አላገኙም። በዚህ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብረቱም የቆርቆሮውም ዋጋ ናረ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ምእመን ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ የነበረ ነው፤ በእኛ አካባቢ ከዚያም ያንሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምታስቡት ገቢ ማስገኛ ነው፤ ሱቅ እንሥራ፣ አዳራሽ እናከራይ። አልቃወምም፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ወረቀት አለ። የቁምስናው ይዞታ ማረጋገጫ ካርታ በማን ስም ነው? በቁምስናው? በሀገረ ስብከቱ? ወይስ ቤቱን ሠርቶ ከሄደ ማኅበር ስም ሳይዛወር ቀርቷል? የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ሥር ነበርን። ስለዚህ የቆየ ሰነድ ጎንደር ላይ ካጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ አዲስ አበባ ጠይቁ። ካርታውን ስታገኙ መሬቱ ላይ ይዛችሁት ውጡ። ጥግ ጥጉን በሜትር ለኩ፤ አጥሩ ከካርታው መስመር ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ ጎረቤት የሠራው ኩሽና ድንበር አልፎ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል። ዛሬ በሽማግሌ የሚያልቅ የሁለት ሜትር ጉዳይ ነገ ፍርድ ቤት ያመላልሳችኋል።

አባቶቻችሁ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አይተዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህን አጥብቃችሁ ያዙት፤ ከውጭ የሚመጣ ምክር ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ምእመን ሲያንስ ቁምስናዎችን ያዋህዱና ትርፍ የሆነውን ሕንፃ ከነመሬቱ ሸጠው የቀረውን ይጠግኑበታል። እኛ መሬቱን መሸጥ አንችልም፤ ከእጃችን የወጣ ይዞታም አይመለስም። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ የትኛውን ግቢ እንሽጥ አይደለም፤ የትኛውን ግቢ ለምን ሥራ እናውለው ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው። ግንቦት ሳይጋመስ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከኮርኒሱ በላይ ግቡ። መግቢያውን ከኋላችሁ ዝጉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ። ሚስማር ላልቶ የተከፈተው ቀዳዳ ሁሉ በብርሃን ነጥብ ይለያል። በየነጥቡ ሥር ያለውን እንጨት በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፣ በጣታችሁም ተጫኑት፤ ከለሰለሰ ውኃው ሰንብቷል ማለት ነው። የላላውን ሚስማር ነቅሎ ባለ ጎማ ሚስማር መምታት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቆርቆሮውን የተሸከመው ወራጅ እንጨት ከበሰበሰ በኋላ ግን ጣሪያውን በሙሉ ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚያ አሸንዳውን ከባሕር ዛፍ ቅጠል አጽዱ፤ መውረጃው ቱቦ ውኃውን የግድግዳው እግር ሥር እንዳያፈስም በቦይ አርቁት። ምስጥ እርጥበት ተከትሎ ይመጣል፤ ጭቃ ቤት ላላቸው ቁምስናዎች ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። አሸንዳው ተበሳስቶ እያለ ለበዓል ብሎ ግድግዳ ቀለም ማስቀባት በጣም ያሳዝነኛል። ያ ገንዘብ የድሆች ነው።

የቆየ የድንጋይ ቤት የተረከባችሁ ደግሞ በኖራ የተገነባውን በሲሚንቶ አትለስኑ። ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋበታል፣ ድንጋዩም ይላላጣል። በፋሲል ግቢ በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነውን ባለሙያዎች በኋላ እያነሱ በኖራ ተክተውታል።

ጎርጎራ ወርዳችሁ ከሆነ በጣና ዳር የቆመውን የማርያም ግምብ ፍርስራሽ አይታችኋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያሠሩት፣ በጥርብ ድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ የተቀረጸ አበባ ያጌጠበት ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ሲለቁ፣ ልጃቸው አፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ሲያስወጡ ሕንፃው ተቆርቋሪ አጣ። የሃይማኖቱን ክርክር ለታሪክ ሊቃውንት ልተወው። እንደ ግንባታ ባለሙያ የሚታየኝ ግን ቤተ መንግሥትና የባሕር ማዶ ሰዎች ያቆሙት፣ የአካባቢው ሕዝብ የእኔ ያላለው ሕንፃ መሆኑ ነው። በአንጻሩ በአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የተመሠረተችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጉዳት ሲደርስባት እየታደሰች ዛሬም ይቀደስባታል፤ ካህናቷና ሕዝቧ አልተለዩአትም። እኛ ካቶሊካውያን ከዚህ ልንማር ይገባል። የቁምስናው ሰው አሸንዳውን በገዛ እጁ ካልጠገነ፣ ከሙዳየ ምጽዋቱ ስንት ብር ለጣሪያ እንደወጣም ካልተነገረው ሕንፃው የፈረንጅ ሆኖ ይቀራል። ወጪና ገቢውን ከቅዳሴ በኋላ በቁጥር አንብቡለት።

ስለ አዲስ ግንባታ የምላችሁ አጭር ነው፤ አትጀምሩ። ለጋሽ ቢመጣ እንኳ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የዘበኛውን ደመወዝና የሃያ ዓመት ጥገናውን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ሳይመለስ መሠረት አይቆፈር።

ጸሎት የማይደረስባቸው ቤቶችን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2018 ሮም ላይ በተደረገ ጉባኤ የወጣው የቫቲካን መመሪያ ከንግድ ይልቅ ለባህልና ለማኅበራዊ አገልግሎት እንዲውሉ ይመክራል። ለእኛም የሚስማማን ይህ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት፣ ክሊኒክ፣ ለተማሪዎች ማንበቢያ። ብታከራዩም ዘመኑ የተወሰነ የጽሑፍ ውል ይኑር፤ ለዘመድ በቃል አትስጡ። የአንድን ቤት አገልግሎት ከመለወጣችሁ በፊትም ድንጋይ ተሸክመው ያሠሩትን እናቶችና አባቶች ሰብስባችሁ ስሙ። ስብሰባው ይረዝማል፣ እንባም ይኖረዋል፤ ታገሡት።

እኛ የምንመራበት የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና የንብረት አስተዳዳሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የንብረት ቆጠራ ተደርጎ እንዲፈረም ያዛል፤ አንዱ ቅጂ በቁምስናው፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ከወንበርና ከጽዋው ጋር የውኃ ቆጣሪውን፣ የመብራት ውሉን፣ የተከራዩን ስምም ጻፉ። ከሚያዝያ አታሳልፉት፤ ከዚያ በኋላ ለጣሪያው የሚቀራችሁ ግንቦት ብቻ ነው።