ጭንቀት ሲይዘን ደሴ ላይ ወዴት እንሂድ? ሲስተር ይመልሳሉ

ሲስተር ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቅዳሜ ማታ በቡድናችን የጽሑፍ ውይይት ላይ ለጥያቄ ተቀመጡልን። አብዛኞቹን ጠያቂዎች በሰፈራቸው ጠርተናቸዋል።

ሲስተር፦ መጀመሪያ አንድ ነገር። መድኃኒት በጎረቤት ምክር አትጀምሩ፣ በራሳችሁም አታቋርጡ። ይህን ዛሬ አሥር ጊዜ ሳልለው አልቀርም። ቀጥሉ።

የሆጤው ልጅ፦ ሲስተር እንደምን አመሹ። ማታ ማታ ልቤ ዘሎ ሊወጣ ይደርሳል። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። አራት ጊዜ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሣሁ፣ «ምንም የለህም» ብለው ይመልሱኛል። የቱ የልብ ሐኪም ይሻለኛል?

ሲስተር፦ አብሽር። አምስተኛ ኢሲጂ አያስፈልግህም። አንድ እናት ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው መጥተውልኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ዘረጉት። የመጀመሪያው ኢሲጂ ከመቆየቱ የተነሣ ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል። «ይኸው ልቤ እየጠፋ ነው» አሉኝ። ልባቸው ደህና ነበር፤ የጠፋው እንቅልፋቸው ነው።

ሰውነት ሲደነግጥ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይሮጣል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምህ ይቀንሳል፤ ጣትህን የሚያደነዝዘው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጣራ ይደርስና ይወርዳል። እጅህን ሆድህ ላይ አድርግ። በአፍንጫህ እስከ 4 እየቆጠርክ አስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ ቀስ ብለህ አውጣ። እየሮጥክ ወደ ክሊኒክ አትሂድ፤ በሮጥክ ቁጥር ልብህ «እውነትም አደጋ ነበር» ብሎ ይማራል።

ግን ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለበት ሰው ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው፣ ክንዱ ወይም መንጋጋው ድረስ ሲያመው፣ ሲያልበው፣ ያ ጭንቀት ነው ብሎ አይቀመጥ። 907 ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ ወይም ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሰፈርህ ያለው ጤና ጣቢያ ሂድ። እዚያ ስትደርስ «ልቤን» ብለህ አትቁም። የኛ ሰው «ሆዴን ይባባኛል» ይላል፣ የጨጓራ ኦሜፕራዞል ይዞ ይመለሳል። እንዲህ በል፦ «ይፈራኛል፣ ይጨንቀኛል፣ ይህን ያህል ወር ሆኖኛል፣ በሱ ምክንያት ይህን ይህን ትቻለሁ።» የምትወስደውን ሁሉ ተናገር፣ ጫትም ይሁን። የእንቅርት ሆርሞንና የደም ማነስ እንዲያዩልህ ጠይቅ፤ ሁለቱም ልብ ያስሮጣሉ።

ኮምቦልቻ 1፦ ጥሩ ቦታ ይጠቁሙኝ።

ሲስተር፦ ለማን? ለምን? ዕድሜው ስንት ነው? እንዲህ አይጠየቅም።

ኮምቦልቻ 2፦ እኔ ልጠይቅ። እህቴ ከቤት መውጣት ፈርታለች። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስታስበው ራሱ ያልባታል። የግድ ደሴ መውጣት አለባት?

ሲስተር፦ የግድ አይደለም። ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ትጀምር። ከዚያ ካለፈ ሪፈር ይጽፉላታል። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ሪፈሩ ግዴታ ነው፤ ዘላችሁ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ከገባችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ድሮ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ 400 ኪሎ ሜትር እንልክ ነበር። ዛሬ ለጭንቀት አዲስ አበባ የሚሮጥ ሰው ሳይ ይገርመኛል።

ታክሲውን ግን በአንዴ አታስገድዷት። ዛሬ መናኸሪያ ድረስ በእግር፣ ነገ አንድ ፌርማታ። ፍርሃቱ ሲመጣ አትውረድ፤ በረድ እስኪል ትቀመጥ። ሐረጎ መጨረሻ ነው።

የፒያሳው፦ ሲስተር፣ ጫት ግን ያረጋጋል። ስቅም ሐሳቤ ሁሉ ብትን ይላል።

የቧንቧ ውሃው፦ ይበተንና ሌሊት ተሰብስቦ ይመጣል!

የፒያሳው፦ አንተን ማን ጠየቀህ? አያቶቻችን ወዳጃ ላይ ሲቅሙ ማን ጨነቀው?

የሰኞ ገበያ እናት፦ ጫቱን ተዉት፣ ቡናን ግን አትንኩብኝ። እኔን የሚጨንቀኝ አቦሉን ካልቀመስኩ ነው።

ሲስተር፦ እስቲ ቆዩ። ይህን ጉዳይ ነው የምፈልገው። ጫት ውስጥ ካቲኖን አለ፤ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ልብ ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ከምሳ በኋላ ይቃማል፣ ማታ ምርቃናው አልወርድ ይላል፣ በጨብሲ፣ ማለትም በመጠጥ ይወረዳል ወይም ከፋርማሲ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ክኒን ይፈለጋል። ጠዋት ድብርት፣ ከሰዓት እንደገና ጫት። «ጭንቀት አለብኝ» ብሎ የመጣ ስንቱን ጎረምሳ ለአንድ ወር ጫት ተው ብዬ ግማሽ ሕመሙ እንደወረደለት እኔ አውቃለሁ። አያቶቻችን በሳምንት አንዴ ለዱዓ ተሰብስበው ነው፤ አንተ በየቀኑ ብቻህን ነው።

እትዬ፣ ቡናዎን አልነካም። ጎረቤት የሚሰበሰብበት ቡና ራሱ መድኃኒት ነው። ግን ካፌይኑ ከጠጡት ከ5 ወይም 6 ሰዓት በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ይቆያል። የጠዋቱን ይጠጡ፣ የማታው በረካ ይቅርብዎት። በአንዴ አይተዉት፣ ራስ ምታት ይለቅብዎታል።

የሰኞ ገበያ እናት፦ በረካውንማ እንዴት ልተው ልጄ፣ ምርቃቱ እኮ እሱ ላይ ነው።

ሲስተር፦ እንግዲያው ይመርቁና ስኒውን ለጎረቤት ይስጡ።

አንድ ወንድም፦ ይህ ሁሉ የዓይነ ጥላ ነው። ጠበል ነው መፍትሔው።

ሌላው፦ ሩቅያም አለ ወንድሜ።

ሲስተር፦ ጠበሉም ሂዱ፣ ዱዓውም ይደረግ። ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መስከረም 21 ለግሸን ስትወጡ ከስንቁ ጋር ቋጥሩት። ጠበል ቦታ ሄዶ የጭንቀት ክኒኑን ሰርትራሊንን ድንገት ያቆመና ራሱ እየዞረ፣ እየተነጫነጨ የተመለሰ ብዙ አይቻለሁ። በራሳችሁ አታቋርጡ። ሁለተኛ ጊዜ ነው።

የግቢ ተማሪ፦ ፈተና ሲደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሲስተር፦ ግቢያችሁ ውስጥ የተማሪዎች ክሊኒክ አለ። ሰኞ ሂድ።

የሮቢት፦ እኔ ከ2014 ወዲህ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ አልጋ ሥር ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሳልናገር። አሁን ሕክምና ይሠራል?

ሲስተር፦ ይሠራል። አልዘገየም እህቴ። ያኔ በጦርነቱ ከተማው ሲያዝ የነበርን ሁላችንም የሆነ ነገር ይዘን ቀርተናል። እኔ ራሴ አሁንም በር ሲጋጭ የፈጣሪን ስም ሳልጠራ አላልፍም። ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ ከዚያ ሰፈር መሸሹ ከወር በላይ ከቆየ ስም ያለው ሕመም ነው። ሐኪሙ «ምን ሆንሽ?» ሲልሽ «ደህና ነኝ» ማለትሽን ተዪ። ሁሉን በአንድ ቀን ማውራት አይጠበቅብሽም። «በጦርነቱ ጊዜ ያየሁት ነገር አለ» ካልሽ ይበቃል። ምናልባት አንዳንዴ «ባልኖር» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል?

የሮቢት፦ አልፎ አልፎ።

ሲስተር፦ ስለነገርሽኝ ጎበዝ። ዛሬ ማታ ብቻሽን አትደሪ። ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ አሁን ንገሪ። ነገ ሳትውይ ይውሰዱሽ። ሐሳቡ ከበረታ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። ሌሎቻችሁ እዚህ ላይ ምክር አትጨምሩ፣ አብሽሪ ብቻ በሏት።

ብዙዎች፦ አብሽሪ እህታችን!

ኮምቦልቻ 1፦ እናቴ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ትወስዳለች። እኔም ግማሽ ልሞክር?

ሲስተር፦ ሦስተኛ ጊዜ!! አትሞክር! ልብ ምትን ሊያዛባ የሚችል መድኃኒት ነው። እንደ ሰርትራሊን ያለ የጭንቀት ክኒን ደግሞ ለመሥራት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በግማሽ ፍሬ የሚገኝ ነገር የለም። መጀመሪያ የጠየቅኸው «ጥሩ ቦታ» ለራስህ ነበር ማለት ነው?

ኮምቦልቻ 1፦ አዎ ሲስተር።

ሲስተር፦ ታዲያ እንዲህ አትለኝም! ከቤት መውጣት ከፈራችው የኮምቦልቻ እህት ጋር አብራችሁ ሂዱ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ናችሁ።

አዲስ የገባ፦ ልቤ ይመታል፣ ኢሲጂ የት ልነሣ?

ሲስተር፦ ከላይ አንብብ።

የሆጤው ልጅ፦ ሲስተር፣ ሰኞ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። የድሮዎቹን ኢሲጂዎች ልያዝ?

ሲስተር፦ አራቱንም ያዝ። አምስተኛ እንዳያስነሡህ።