ሂሳብ እንጀራ ይሆነኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ እየሠራሁ ቀን ኮሚኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ካልኩለስ አንድን ወስጄ ኤ አገኘሁ። ሜጀሬን ሂሳብ ላድርገው ብል ቤተሰቦቼ «ነርሲንግ ግቢ፤ ሂሳብ የት ያደርስሻል?» ብለው ያዙኝ። እርስዎስ ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተሰቦችሽ ክፉ አላሰቡም። ነርሲንግ በሁለት ዓመት አሶሼት ዲግሪ ይዘሽ፣ የፈቃድ ፈተናውን አልፈሽ ሥራ የምትይዢበት ሙያ ነው። ሂሳብ እንደዚያ አይደለም። የሂሳብ አሶሼት ዲግሪ ብቻውን ብዙ በር አይከፍትም። ጥቅሙ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ስታደርጊበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እስከዚያ እዘልቃለሁ ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ፍቅሩ የምርሽን መሆኑ የሚለየው ካልኩለስ ሁለት ላይ ነው፤ ማለቂያ የሌላቸው ድምሮች የሚመጡት እዚያ ነው። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ሂሳብ አስጠናለሁ። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያልን ብንቀጥል ድምሩ ማቆሚያ የለውም ስለው አንድ ተማሪ አላምን አለ። «ቁጥሮቹ እያነሱ ወደ ዜሮ እየሄዱ ድምሩ እንዴት ያድጋል?» ብሎ ሞገተኝ። 1/3 እና 1/4ን ደምር አልኩት፤ ከግማሽ በለጠ። ከ1/5 እስከ 1/8 ያሉትን አራቱን ደምር አልኩት፤ አሁንም ከግማሽ በለጠ። ቀጥሎ ያሉት ስምንቱም እንደዚያው፤ ግማሽ በግማሽ ላይ እየተጨመረ ስለሚሄድ ድምሩ ማቆሚያ ያጣል። ልጁ እርሳሱን አስቀምጦ ዝም አለ። ቆይቶ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለኝ። እንዲህ ያለው ነገር እንቅልፍ ከነሳሽ ሂሳብ ያንቺ ነው። ካሰለቸሽ ግን አካውንቲንግ ወይም ነርሲንግ ብትገቢ ምንም አላጎደልሽም።

ሥራውን በተመለከተ፣ «የሒሳብ ሊቅ» ተብሎ የሚቀጠር ሰው ጥቂት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ይጠይቃል። በባችለር ግን አክቹዋሪ መሆን ይቻላል። የኢንሹራንስና የጡረታ ስጋት የሚያሰላ ባለሙያ ነው። በ2023 የአገሪቱ መካከለኛ ደመወዙ በዓመት 120 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የመጀመሪያው የፕሮባቢሊቲ ፈተና 30 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ነው፤ ለመፈተን ዲግሪ እስክትይዢ አትጠብቂም። ዳታ ላይ መሥራት ካማረሽ ፕሮግራሚንግና ስታቲስቲክስ ጨምሪበት። እኔ ለመምህርነት አዳላለሁ። የሃይስኩል ሂሳብ መምህር በዝቅተኛ ገቢ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አምስት ተከታታይ ዓመት ካስተማረ፣ ከፌዴራል የተማሪ ብድሩ እስከ 17,500 ዶላር ሊሰረዝለት ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። የሂሳብ ኮርሶች ሰንሰለት ናቸው፤ አንዱ ከተበጠሰ ሌላው ይቆማል። እኔን አንድ አማካሪ «ሊኒየር አልጀብራን በኋላ ትወስጂዋለሽ» አለኝ። ኮርሱ ግን የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነበር፤ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረሁ። አንቺ ከካልኩለስ አንድ (የኮርስ ቁጥር 263) ቀጥለሽ ካልኩለስ ሁለት (264)፣ ካልኩለስ ሦስት (265)፣ ሊኒየር አልጀብራ (266) እና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (267) መቼ መቼ እንደሚሰጡ ዛሬውኑ ጠይቂና ወረቀት ላይ አስፍሪ። የምትፈልጊው ዩኒቨርሲቲ ከኮሚኒቲ ኮሌጆቹ ጋር የትራንስፈር ስምምነት ካለው የሚጠይቀውን ግሬድ እይ። ፔል ግራንት፣ ማለትም የማይመለሰውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ፣ የምታገኚ ከሆነም በሕይወት ዘመንሽ ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ስለሆነ በማያስፈልግ ኮርስ አታባክኚው።

ኤ ስላለሽ ደግሞ የኮሌጅሽን የሂሳብ ማስጠኛ ክፍል ሥራ ጠይቂ። በሳምንት ሁለት ሌሊት እንኳ ብታስቀርልሽ ካልኩለስ ሁለትን ነቅተሽ ትማሪዋለሽ።