ፍልስፍና ይራመዳልን? በደብረ ማርቆስ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የዶክትሬት ጥናቴ ፍልስፍና ከዘመን ወደ ዘመን ወደፊት ይሄዳል ወይስ ባለበት ይረግጣል የሚለውን ይመረምራል። በደብረ ማርቆስ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት ይህንኑ ካስረዳሁ በኋላ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው አስፍሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተከራክረው ካልተስማሙ፣ እድገት አለ ማለት እንዴት ይቻላል?

መልስ፦ ወቀሳው የቆየ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1787 ከእኛ ውጭ ያለው ዓለም መኖሩን በማስረጃ ማጽናት አለመቻሉን የፍልስፍና ቅሌት ብሎት ነበር። ፈላስፎቹ ቡርጌና ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 የፍልስፍና ትምህርት ክፍሎች የሚያስተምሩ 931 ሰዎችን አስተያየት ሰብስበው ነበር፤ ነጻ ፈቃድና የምክንያትና ውጤት ሕግ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ያሉት 59 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ተበታትነዋል። ቻልመርስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ጽሑፍ በታላላቆቹ ጥያቄዎች ላይ ወደ እውነት የመሰብሰብ ነገር እምብዛም እንደሌለ ደመደመ። ካንት ቅሌት ባለው ጥያቄ ላይ ግን ከ931ዱ 82 በመቶ ያህሉ ዓለሙ አለ በሚለው ወገን ቆመዋል፤ የተስማሙት በማስረጃ ይሁን በመሰልቸት ቁጥሩ አይነግረንም። ስለዚህ ቁጥሩን እቀበላለሁ፣ መስማማት ብቸኛው መለኪያ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የእርስዎ መለኪያ ምንድን ነው?

መልስ፦ የተዘጋ በር ነው፤ ይኸውም አንድ አሳብ ጉድለቱ ታይቶ ዳግም እንደ ቀድሞው ሊያዝ አለመቻሉ ነው። ዕውቀት ማለት በቂ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት ነው የሚለው ፍቺ ሥሩ እስከ ፕላቶ ድረስ ይሳባል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲዬር እ.ኤ.አ. በ1963 ሦስት ገጽ በምትሆን ጽሑፍ ፍቺው እንደማይበቃ አሳየ። ነገሩን በእኛ አገር ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ገበሬ ሁልጊዜ የሚያምነው ነጋዴ የቡሬ ገበያ ጤፍ ተወደደ ብሎ ነገረው እንበል። ነጋዴው የሌላ ገበያ ወሬ ተቀላቅሎበት ተሳስቷል፤ ይሁን እንጂ በዚያው ጠዋት፣ ነጋዴው ሳያውቀው፣ በቡሬም ጤፍ ተወዷል። ገበሬው አምኗል፣ ያመነውም እውነት ነው፣ ለማመንም በቂ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ዐወቀ ለማለት አንደፍርም። ከዚያ ወዲህ ዕውቀት ምን እንደሆነ አልተስማማንም፣ ነገር ግን ያንን ፍቺ እንደ ቀድሞው በልበ ሙሉነት ማስተማር ቀርቷል።

ጥያቄ (ከአንድ የቅኔ መምህር)፦ ልጄ፣ እኛ ዘንድ ትናንት የተቀኙት ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ተማሪው አዲስ ቆጥሮ ይነግራል። ይህስ እድገት አይደለም?

መልስ፦ የኔታ፣ አዲስነትና እድገት የሚለያዩ ይመስለኛል። በልጅነቴ ማንም ያልተቀኘውን ቅኔ ቆጥሬ ስነግር፣ ሰሙና ወርቁ አልተጋጠመም ተብዬ ተመልሻለሁ። ለጥናቴ ይበልጥ የሚቀርበው የመጻሕፍት ትርጓሜው ነው። የአንድምታው ትርጓሜ ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍቺ ሲሰጥ የቀደመውን ሳይጥል አዲሱን «አንድም» ብሎ ያስከትላል፤ የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት የተለያዩበትም ከነልዩነቱ ይነገራል። በዚህ መንገድ ዕውቀት የሚሰፋው አንዱ መልስ ሌላውን ስላሸነፈ ሳይሆን፣ ሊሰጡ የሚችሉት መልሶች እያንዳንዳቸው ተለይተው ስለታወቁ ነው፤ የፍልስፍናም ግማሽ ሥራ ይኸው ነው። ሌላው ግማሽ ግን ከተደረደሩት አንዱን ለመጣል መከራከር ነው፤ የጌቲዬርን ምሳሌ ሳይመልስ የድሮውን ፍቺ «አንድም» ብሎ የሚደረድር ሰው ተቀባይ አያገኝም።

ጥያቄ፦ ሳይንስ ሁሉ ከፍልስፍና የወጣ ከሆነ ይህ ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው ሥራ ራሱ የተፈጥሮ ፍልስፍና ተብሎ ነበር፤ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ራስልም እ.ኤ.አ. በ1912 ቁርጥ መልስ ያገኘ ጥያቄ ከፍልስፍና ወጥቶ ሳይንስ ይባላል ብሏል። እውነት ነው፤ ግን በጣም የሚመች ክርክር ስለሆነ እጠራጠረዋለሁ። ብዙ ልጆቹን የዳረ አባት ወግ ማዕረግ ማየቱን ይነግረናል እንጂ፣ እቤት ስለቀሩት፣ ማለትም ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ነጻ ፈቃድ ጥያቄዎች፣ ምንም አይነግረንም።

ጥያቄ፦ በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውን የግእዝ የፍልስፍና መጽሐፍ፣ ሐተታን፣ ማን ጻፈው የሚለው ክርክርስ በጥናትዎ ውስጥ አለ?

መልስ፦ በአንድ ንዑስ ክፍል ብቻ። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ጻፈ፤ ካናዳዊው የፍልስፍና ምሁር ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ድርሰት መሆኑን ተሟገተ። ይህ በብራና፣ በቋንቋና በደብዳቤ የሚመረመር የታሪክ ጥያቄ ነው። ጸሐፊው ማንም ቢሆን፣ በሐተታው ውስጥ ያለው ሙግት ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚለው ለብቻው ይመዘናል።

ጥያቄ፦ በዚህ ርእስ ዶክትሬት መጀመር ለሚፈልግ ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ፍልስፍናን በሙሉ አይያዝ። እኔ ያንን ሞክሬ ሁለት ዓመት ባክኖብኛል፤ አማካሪዬ አንዲት ጥያቄ መርጬ የሃምሳ ዓመት ጉዞዋን እንድከተል ባያስገድዱኝ ኖሮ እስካሁን መግቢያው ላይ ነበርኩ።

ጥያቄ፦ ተሳስቻለሁ የሚሉት ምን ቢታይ ነው?

መልስ፦ ፈላስፎች አንድን ትችት ሳይመልሱት እንዲሁ ረስተውት፣ የተተቸው አሳብ ከትውልድ በኋላ እንደ አዲስ ተመልሶ መንገሡን በብዙ ርእስ ላይ የሚያሳየኝ ሰው ቢገኝ ነው። እንዲህ ከሆነ ተዘጋ ያልሁት በር ገርበብ ብሎ ብቻ ነበር ማለት ነው። አሁን የምጽፈው ምዕራፍ እንዲህ ያሉ አጋጣሚዎችን የሚፈልግ ነው፤ ሁለት አግኝቻለሁ፣ ሁለቱም አስጨንቀውኛል።