ጊታር ይዛችሁ ለምትመጡ ልጆች

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ጊታሯን አዝላ ቤቴ መጣች። ግጥሙም ዜማውም የራሷ የሆነ ዘፈን አሰማችኝ። ድምጿ ያምራል። ግጥሙ ሆድ ያባባል። አዝማቹ ጋ ስትደርስ ግን ዜማው መንገድ ሳተ። «ቅኝቱ ምንድን ነው?» አልኳት። «ጋሼ፣ ትዝታ መሰለኝ» አለች። ቅኝት ማለት ዜማው የሚቆምባቸው አምስት ድምፆች ናቸው፤ ትዝታ አንዱ ቅኝት ነው። ይህን የምጽፍላችሁ በዚያች «መሰለኝ» የተነሳ ነው።

እኔ የራሴን ዘፈን እየደረስኩ፣ በክራርና በጊታር እየተጫወትኩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ባንድም ደጋፊ ድርጅትም አልነበረኝም። ሰዎች «ብቻህን ነው የሠራኸው» ሲሉኝ ግን አልስማማም። ጆሮዬ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት የክራር ዘፋኞች ነበሩ፤ ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ።

አስናቀች ተዋናይትም ነበረች። ስትዘፍን ይህ ይሰማል። ቃሉን ትለቅና ዝም ትላለች፤ ክራሩ ይመልስላታል። ከጓደኛ ያስቀዳሁት ካሴት ነበረኝ። የቴፑ ባትሪ እንዳያልቅ በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ አንዷን ስንኝ ደጋግሜ እሰማ ነበር። የምሰማው ድምጿን ለመምሰል አልነበረም። የት ትንፋሽ እንደምትወስድ ማወቅ ፈልጌ ነው። ዛሬ ለእናንተ ቀላል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ 16ኛው ቅጽ የእሷ ነው፣ 29ኛው ደግሞ የካሳ። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ ታገኛላችሁ። እባካችሁ ሌላ ነገር እየሠራችሁ አትስሟቸው። ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ክራር ብዙ ጊዜ ስድስት አውታር አለው። አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፤ ስድስተኛው አንዱን በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ) ይደግማል። ትዝታ ሜጀር ላይ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ጊታር አንገት ላይ አንድ አንድ ፍሬት (ክፍል) ማለት ነው። ልዩነቱ ይህችው ናት፣ የሚያመጣው ስሜት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ልጅቷ በትዝታ ማይነር ጀምራ አዝማቹ ላይ የጊታር ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ጎተታትና ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ አስገባች። መቀላቀል ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝታችንን ከጃዝ ጋር ሲያዋህድ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ድምፃዊቷ መክሊት ሀደሮም አሜሪካ አድጋ፣ በእንግሊዝኛ እየጻፈች፣ የአገር ቤቱን ዜማ ከጃዝና ከፎክ ጋር ስታዛምድ ከየት ምን እንደወሰደች ታውቃለች። እኔ የምፈራላችሁ ሳታውቁት ሲንሸራተት ነው።

ግጥም ደግሞ በጓዳ ብቻ አይለመድም። እኔ የተማርኩት በድሮዋ ካዛንቺስ፣ አዝማሪ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጬ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ያንኑ ስንኝ በዜማ ይመልሳል። ቃሉ ከበዛ ዜማው ላይ አልቀመጥ ይላል፣ ቤቱም ወዲያው ያውቃል። ዛሬም ስንኝ ስጽፍ «ይህን አዝማሪ ይቀበለው ነበር?» እላለሁ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ካሴቴን ለአንድ ሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጥኩት። ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ አስረከብኩ። ወረቀቱን ሳላነብ ፈረምኩ፤ ኮፒም አልወሰድኩም። ከዓመታት በኋላ ታክሲ ውስጥ ዘፈኔን በሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት። ሾፌሩ ከፍ አደረገው። ደስ አለኝ፤ አንጀቴም አረረ። የእኔ ነው ብዬ የማሳየው አንዲት ወረቀት አልነበረችኝም።

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለላችሁ። የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ታዲያ ዘፈን የጨረሳችሁ ዕለት ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ጓደኛሞች ብትሆኑም ፈርሙ፤ ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ፈርሙ። በሰው ቻናል ከመልቀቃችሁ በፊት ገቢው ወዴት እንደሚሄድና ለስንት ዓመት እንደሰጣችሁ በግልጽ ይጻፍ። መብት ይዞ መቆየት ገንዘብ ቶሎ አያመጣም፤ ይህን አልደብቃችሁም። እኔ የቤት ኪራዬን የከፈልኩት ልጆች በማስተማርና በሠርግ ላይ በመጫወት ነው። አላፍርበትም። የጻፍኩትን ዘፈን ማንም «እንዲህ ቀይረው» ሳይለኝ እንድጽፍ ያስቻለኝ ያ ሥራ ነው።

ልጅቷን ያን ቀን ቶሎ አልለቀቅኳትም። ያቺን ያመለጠች ድምፅ አብረን ፈለግናት። ስታገኛት ዓይኗን ጨፍና አዝማቹን ሦስት ጊዜ ደገመችው። በመጨረሻ ቅኝቱን ሳትሰብር፣ ያን የውጭ ድምፅ አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻው ስንኝ ላይ አስገባችው። አሁን አወቀችው። ቅዳሜ ክራር ለመጀመር ትመጣለች፤ አዲስ አውታር ገዝቼላታለሁ።