የሠሪዋን ስም ጠይቁ፦ የማታ ኦርቲዝን ሸክላ መሰብሰብ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሥራ ከያዛችሁ ጥቂት ዓመታት የሆናችሁና ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ ቤታችሁን በሚያምር ነገር ማስጌጥ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ በየጊዜው ፎቶግራፍ እየላካችሁ «ይህን የሜክሲኮ ሸክላ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ትሉኛላችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአሪዞና የቤተ መዘክር ባለሙያ ሆኜ የተሰባበሩ ሸክላዎችን ስጠግን ስለኖርኩ ከእኔ መልስ መጠበቃችሁ ትክክል ነው። ለእያንዳንዳችሁ ቆራርጬ ከምመልስ ግን አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ ልጻፍላችሁ። የምጽፈው በሚገባ ስለማውቀው ስለ አንድ መንደር ሥራ ብቻ ነው።

በሰሜን ሜክሲኮ በቺዋዋ ግዛት፣ ከአሜሪካ ድንበር በመኪና ጥቂት ሰዓታት ተጉዞ የሚደረስበት፣ በፓላንጋናስ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረ ማታ ኦርቲዝ የሚባል አቧራማ መንደር አለ። መንደሩን ቀድሞ ያኖሩት የባቡርና የእንጨት ሥራ ነበሩ፤ እነዚያ ሲዳከሙ ነዋሪው ችግር ላይ ወደቀ። ከመንደሩ ብዙም ሳይርቅ ከ1200 እስከ 1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ገናና የነበረው የፓኪሜ ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። ግድግዳዎቹ ከጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ በሮቹ ከላይ ሰፍተው ከታች ይጠባሉ፤ ነዋሪዎቹም ማካው የሚባለውን ትልቅ በቀቀን በጭቃ ጎጆ ያረቡ ነበር። የዚያው ወፍ ምስል ነጣ ባለ መደብ ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም በሸክላዎቻቸው ላይ ተስሎ እስከ ዛሬ ይታያል። ስፔናውያን ወደ አካባቢው ከመድረሳቸው በፊት ከተማይቱ ባዶ ቀርታ ስለነበር ሸክላ የመሥራት ጥበቧን ከእናት ወደ ልጅ ያስተላለፈ ሰው አልተገኘም። የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ይህን የተቋረጠ ጥበብ እንደገና ያስነሣው እ.ኤ.አ. በ1940 የተወለደው ሁዋን ኬሳዳ ነው። በልጅነቱ በአህያ እንጨት ሊለቅም ተራራ ሲወጣ የጥንት ሸክላና ገል ያገኝ ነበር። አስተማሪ አልነበረውም። አፈሩን ራሱ ፈልጎ፣ ቀለሙን ከማዕድን ራሱ ፈጭቶ ለዓመታት ሞከረ፤ የሠራው ሸክላ ግን እየደረቀ ይሰነጠቅበት ነበር። መፍትሔውን ያገኘው ከገል ነው፤ የገሉን ስብራት አተኩሮ ሲያይ ጭቃው ንጹሕ እንዳልሆነና ሻካራ ነገር እንደተቀላቀለበት አስተዋለ፤ እሱም እንደዚያው አደረገ። እኔ በሙያዬ በሺዎች የሚቆጠሩ የገል ስብራቶችን በማጉያ መነጽር አይቻለሁ፤ አንድ እንጨት ለቃሚ ልጅ ያንኑ በባዶ ዓይኑ አይቶ ይህን ያህል ትምህርት ማውጣቱ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ቀጥሎ የምነግራችሁ የታሪኩ ክፍል ለሰብሳቢ ዋናው ነው። ሁዋን በመጀመሪያ የሠራቸው ሸክላዎች ፊርማ አልነበራቸውም። በነጋዴ እጅ ድንበር ሲሻገሩ አንዳንዶቹ የጥንት ናቸው እየተባሉ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ስፔንሰር ማካለም የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያ በኒው ሜክሲኮ፣ ዴሚንግ ከተማ፣ በአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሦስት ሸክላዎችን አየ። ገዝቷቸው ሲያበቃ «እነዚህን የሠራው ሰው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ፎቶግራፋቸውን ይዞ ሜክሲኮ ገባና ሠሪውን ቤቱ ድረስ ሄዶ አገኘው፤ ለሥራው ጊዜ እንዲኖረውም በየወሩ ይከፍለው ጀመር። ሁዋን ጥበቡን ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ፣ ከዚያም ለጎረቤቶቹ አስተማረ፤ መንደሩ በጠቅላላ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 የሜክሲኮ መንግሥት ከፍተኛውን የሳይንስና የሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሽልማት ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዐረፈ። ከእኅቶቹ አንዷ የሆነችው ሊዲያ በጥቁር ሸክላዋ የራሷን ዝና አትርፋለች። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ገዢ ስለ ሠሪው ማንነት በመጠየቁ ነው።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የአገሬ ነገር ይቆጠቁጠኛል። እናቴ ምጣድና ጀበና የምትገዛው ለብዙ ዓመታት ከአንዲት ሴት ነበር፤ ሴትየዋ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ «ሸክላ ሠሪዋ መጣች» ይባላል እንጂ ስሟን የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እንጀራችንን የምንጋግርበትን፣ ቡናችንን የምናፈላበትን ዕቃ የሚሠሩ ሰዎችን ቡዳ እያልን ስናርቅ ኖረናል። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሯቸው ሸክላዎች በብዙ አገር ሰዎች ቤት አሉ፤ ከስንቶቹ ሥር የሠሪዋ ስም ይገኛል? እናንተ የሩቅ አገር ሸክላ ስትሰበስቡ ያንን ስሕተት እንዳትደግሙት እፈልጋለሁ።

እኔው ራሴ ግን ደግሜዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ማታ ኦርቲዝ በሄድኩበት ቀን፣ ደጃፏ ላይ ከተቀመጠች አንዲት ሴት በሁለት እጅ መዳፍ የሚታቀፍ ትንሽ ጥቁር ሸክላ ገዛሁ። ጥቁር በጥቁር የተሳለ ነው፤ መደቡ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሥዕሉ ግን ድብዝዝ ያለ ስለሆነ ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት ብቻ ሁለት የተጠማዘዙ ወፎች ብቅ ይላሉ። ሴትየዋ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ አመስግኜ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ስገለብጠው ከሥሩ የተጫሩት ሁለት ፊደላት ብቻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሸክላውን ይዤ ተመለስኩ፤ አንዱ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ሌላው ወደ ታችኛው ይጠቁመኛል። አንድ ሽማግሌ «ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ የሄደችው ትሆናለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁት የለም። በሙያዬ ለሌሎች ሰዎች ዕቃ መዝገብ እያደራጀሁ፣ በገዛ እጄ የገዛሁትን ሳልመዘግብ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሠራሩን ብታውቁ የምትጠይቁትም አይጠፋችሁም። ሸክላ ሠሪው በመጀመሪያ ጭቃውን እንደ ቂጣ ይዳምጥና ከጀሶ በተሠራ ጎድጓዳ ቅርጽ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ እንደ ቋሊማ የተድቦለቦለ አንድ ወፍራም ጭቃ ዙሪያውን ያዞርበትና በጣቶቹ እየቆነጠጠ ወደ ላይ ያሳድገዋል። የሚሽከረከር ማሽን የለም፤ ክቡ የሚጠበቀው በዓይን ነው። ግድግዳውን በብረት መጋዝ ስለት እየፋቀ ያሳሳዋል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፤ ዘይትና ውሃ እየቀባ በለስላሳ ድንጋይ ወይም በአጥንት ይወለውለዋል። ሥዕሉ የሚሳለው ከሰው ፀጉር፣ ብዙውን ጊዜ ከሕፃን ፀጉር፣ በጥቂት ዘለላ በተሠራ ብሩሽ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ቆሜ እንዳየሁት፣ ሠዓሊዋ ብሩሹን በሸክላው ሆድ ላይ ጋደም አድርጋ ትጎትተዋለች፤ መስመሩ ዙሪያውን ዞሮ ከመነሻው ጋር እስኪገናኝ ድረስ ትንፋሿን ውጣ ነበር።

በመጨረሻ እሳት አለ። ሸክላው ለብቻው በተደፋ ባልዲ ወይም ገንቦ ሥር ይሆንና በዙሪያው ኩበት ወይም የእንጨት ቅርፊት ይነድዳል። የባልዲው ጠርዝ ዙሪያውን በአፈር ተደፍኖ አየር ከተከለከለ ሸክላው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እርጥበት የቀረበት እንደሆነ በእሳቱ መካከል «ጧ» ብሎ ይፈነዳል፤ የሳምንታት ልፋት በዚያች ቅጽበት ያልቃል። ስለዚህ በዋጋ ስትከራከሩ በእጃችሁ የያዛችሁት ዕቃ ፈንድተው የቀሩትንም ዋጋ እንደተሸከመ አስቡ። ከሠሪ ጋር እንደ ሽንኩርት ነጋዴ ዋጋ አትሰባበሩ፤ ካልቻላችሁ ትንሹን ግዙ።

ስትመርጡ ሸክላውን በሁለት እጃችሁ አንሡት፣ አፉን ይዛችሁ አታንጠልጥሉት። መልካም ሸክላ ከመጠኑ አንጻር ቀላል ነው። ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳው እኩል መሳሳቱን ዳስሱ። እናቶቻችን ገበያ ላይ እንደሚያደርጉት በጣት ጥፍር ቀስ ብላችሁ ኳኳ አድርጉት፤ የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፣ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ። ከላይ ወደ ታች እያያችሁ ክቡን መርምሩ፤ መስመሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ሠዓሊው ተቻኩሎ እንደሆነ ይታወቃል። ሥዕሉ የጥንቱን ፓኪሜ ብቻ የሚደግም ነው ወይስ ሠሪው ከዚያ ተነሥቶ የራሱን መንገድ ይዟል? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሁዋን ራሱ ከጥንቱ ተምሮ ወደ ራሱ ሐሳብ የተሻገረ ሰው ነበርና።

«ይህ ግን የጥንት ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሸክላውን አስቀምጡና ውጡ። የሚዋሽ ከሆነ ገንዘባችሁን ይበላል፤ እውነቱን ከሆነ ደግሞ ወንጀል ውስጥ ያስገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የሜክሲኮ ሕግ መሠረት የአርኪኦሎጂ ቅርስ የአገሪቱ ንብረት ስለሆነ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። በጠገንኳቸው ሸክላዎች ላይ ብዙ ጊዜ የዘራፊ ዶማ ጠባሳ አይቻለሁ፤ ዕቃው ከመቃብር ሲነቀል የሚጠፋውን ነገር ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

ቤታችሁ ካስገባችሁት በኋላ ውሃ አታስነኩት። እሳቱ አነስተኛ፣ ገጹም እንደ ብርጭቆ የሚሸፍነው ቅብ የሌለው ስለሆነ ውሃ ያሰርጋል። አንድ ወዳጄ ትኩስ አበባ ከነውሃው አስቀምጦበት አድሮ፣ ጠዋት መደርደሪያው ረጥቦ፣ የሸክላው የታች ገጽ ብርሃኑን አጥቶ አግኝቶታል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉለት። ምግብም አታድርጉበት። ከሌሎች የሜክሲኮ አካባቢዎች የሚመጣውን የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው የመመገቢያ ሸክላም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትብሉበት፤ በባህላዊው ቅብ ውስጥ እርሳስ ይገባ ነበርና።

መንደሩ ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ አንዱ ቅርጹን ይሠራል፣ ሌላው ይስላል፤ ባልና ሚስት ወይም እናትና ልጅ ይሆናሉ፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን የአንዱ ስም ሊሆን ይችላል። «ማን ሠራው? ማን ሳለው? አፈሩ ከየት መጣ? ማን አስተማራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀኑንና የከፈላችሁትንም ጻፉ። ወረቀቱን አጥፋችሁ በሸክላው ውስጥ አስቀምጡት፣ ቅጂውን ሌላ ቦታ አኑሩት። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ከሥራቸው ጋር ፎቶግራፍ አንሷቸው፤ ስትመለሱም ፎቶግራፉን ውሰዱላቸው።

ያቺ ጥቁር ሸክላ ይህን ስጽፍላችሁ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። በውስጧ ያለው ወረቀት የገዛሁበትን ቀን፣ የከፈልኩትን ገንዘብና የደጃፉን መልክ ይዟል፤ የሠሪዋ ስም የሚጻፍበትን መስመር ባዶውን ትቼዋለሁ። ከእናንተ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ፎቶግራፏን እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱን ፊደላት የሚያውቅ ሰው ምናልባት እስከ ዛሬ ይኖር ይሆናል።