ቅዳሜ ባንድ፣ እሑድ ገደል፤ እኔስ?

«የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። 31 ዓመቴ ነው። ከተጋባን አምስት ዓመት ሆነን፤ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። አይሰድበኝም፣ ደሞዙን አይደብቀኝም። ግን ቅዳሜና እሑድ ባል የለኝም። ቅዳሜ ማታ ላይቭ ባንድ ሊሰማ ከዚራ ይወጣል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ይገባል። እሑድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ገመዱን ተሸክሞ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ገደል ሊወጣ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ከከተማው በላይ ነው፤ በወር አንዴ ባቢሌ ይሄዳሉ። ደህና ነኝ ብሎ እስኪደውል ድረስ ያፈላሁት ቡና ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ማታ ጣቶቹ ተላልጠው ይመጣል፤ ደክሞት ይተኛል። የተዋወቅነው ባንድ ልንሰማ በወጣንበት ቤት ነበር። ከወለድኩ ወዲህ ግን አንድም ቀን አብሬው አልወጣሁም። ያኔ የምለብሳት ነጭ ቀሚስ ከቁም ሳጥን ወጥታ አታውቅም። አማቴ ‹ወንድ ልጅ ወጥቶ ይመለሳል፣ ተይው› ይሉኛል። ጓደኞቼ ‹ሌላ ይዞ ነው እንጂ ማን ለድንጋይ ብሎ ከእንቅልፉ ይነሳል› ይላሉ። ባለፈው ወር ‹ከእኔና ከድንጋዩ ምረጥ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። አሁንም ይሄዳል፤ የት እንደሚሄድ ግን አይነግረኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ ነበር። ሁለቴ ካነበብኩት በኋላ አንድ ነገር ገረመኝ። ከባልሽ ጋር የተጣላሽው በገደሉ ነው። ስለ ገደሉ የጻፍሽው ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ቅዳሜ ማታ ነው። ድሮ የምትቀመጡበትን ጥግ ጽፈሻል። ሳክስፎኑ ሲጀምር ባልሽ እጅሽን እንዴት እንደሚይዝ ጽፈሻል። አሁን በመስኮት የባጃጅ ድምፅ እየሰማሽ «ይሄ እሱ ይሆን?» እያልሽ እንደምታድሪም ጽፈሻል። ቀሚሷ ሦስት ቦታ ተነስታለች።

ስለዚህ ያየሁትን በግልጽ ልንገርሽ። እሑድ ትፈሪያለሽ፤ ቅዳሜ ግን ይከፋሻል። ፍርሃትና መከፋት የተለያዩ ናቸው። አንቺ ሁለቱንም በአንድ ላይ ጠቅልለሽ ድንጋዩ ላይ ጣልሻቸው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። «ሞተህ እንዳታስቀረኝ» ማለት ለአንዲት እናት ይቀላል፤ ማንም ትክክል ነሽ ይላታል። «እኔም መውጣት አማረኝ፣ ሙዚቃው ናፈቀኝ» ማለት ግን ያስፈራል። «ልጅ ይዛ ጭፈራ ያምራታል» ይባላል ብለሽ ትሰጊያለሽ። ይሄን የምትል ጎረቤት በየሰፈሩ አትጠፋም። የሚያሳፍር ነገር ግን የለበትም። ይህች ከተማ እኮ አሊ ቢራን ያወጣች ናት። በ1950ዎቹ በአፋን ኦሮሞ የሚጫወቱ ወጣቶች አፍረን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ያቋቋሙት እዚሁ ድሬ ነው፤ አሊም ገና በልጅነቱ የገባው እዚያ ነው። ሙዚቃ የናፈቃት እናት ምንም አላጠፋችም።

መጀመሪያ ፍርሃቱን እንየው፤ ባዶ ፍርሃት አይደለምና። ገደል ያው ገደል ነው። ግን «ተወው» ከማለትሽ በፊት ምን እንደሚያደርጉ እወቂ። ከከተማችን በስተደቡብ ያሉት ተራሮች በብዛት የኖራ ድንጋይ ናቸው። ባቢሌ ያሉት፣ ዳካታ ሸለቆ ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጡት፣ ግራናይት ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ የሚወጣ ሰው ወገቡና ጭኑ ላይ ቀበቶ ታጥቆ፣ ገመድ ቋጥሮ ነው የሚወጣው። ከታች ደግሞ ገመዱን የሚይዝለት ጓደኛ አለ። ከመነሳታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮና ቀበቶ በእጁ ነክቶ ማየት አለበት። ሄልሜት ለሚወጣው ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ ተፈንቅሎ የሚወድቀው ታች በቆመው ላይ ነው። ባልሽን ይህን ሁሉ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። «ጅል ነህ እንዴ?» በሚል ድምፅ አይሁን፤ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ጠይቂው። ቢቻል አንድ እሑድ አብረሽው ሂጂና ከሩቅ ተቀምጠሽ እዪ። ያላየሽውን ነገር ሐሳብሽ ከልኩ በላይ ያገዝፈዋል። ልጅቷን ግን ከገደሉ ሥር አታስጠጊ።

በነገራችን ላይ ንጋት 11 ሰዓት መውጣቱ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ረፋዱ ላይ ድንጋዩ እጅ ያቃጥላል። በደንብ መውጣት የሚፈልግ ሰው በጠዋቱ ብርድ መጀመር አለበት። ጓደኞችሽ ስለ ሌላ ሴት የሚሉትን እኔ ከደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም። የተላላጠ ጣት አየሁ፣ ግቢ ውስጥ የልብስ ገመድ ላይ የተሰጣ የገደል ገመድ አየሁ፣ ማታ ደክሞት የተኛ ሰው አየሁ። ስልኩን አትፈትሺ። ካንቺ ቤት ውጭ ሆነው ትዳርሽን የሚተነትኑልሽን ሰዎችም ለጊዜው ቀነስ አድርጊ።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ገብቶ ንጋት 11 ሰዓት ይወጣል። የሦስት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው፤ ያውም ወዲያው ከተኛ። ገመዱን የሚይዝለት ጓደኛውም እኮ ማታ እዚያው ባንድ ላይ ነበር! እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ትኩረቱ ይበተናል። መቶ ጊዜ የቋጠረውን ቋጠሮ ሳይጨርስ ሊተወው ይችላል። በዚያ ላይ መጠጥ ከተጨመረበት የባሰ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ላይ ጠንክረሽ ቁሚ፤ እኔም ካንቺ ጋር እቆማለሁ። ቅዳሜ ባንድ ካለ እሑድ ገደል የለም። እሑድ ገደል ካለ ቅዳሜ በጊዜ ይተኛል። ይህ ጭቅጭቅ አይደለም፤ ማንኛውም ገደል ወጪ ሊቀበለው የሚገባ ነገር ነው። ደግሞ አንቺንም ይጠቅምሻል። ቅዳሜ ከእሑድ ሲለይ ቢያንስ በወር ሁለት ቅዳሜ ወደ ቤታችሁ ይመለሳል።

ሁለተኛው የማይታለፍ ነገር የት እንደሄደ መታወቁ ነው። ባልሽ ይህን ካነበበ ለእሱም አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ፣ ሚስትህ የተናገረችው ሊያስቆጣህ ይችላል፤ «ምረጥ» መባል ያማል። ግን የት እንዳለህ ማንም ሳያውቅ ገደል ላይ መሆን አኩርፎ ዝም እንደማለት ቀላል ነገር አይደለም። ባቢሌ ከዚህ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ነገር ብትሆን ማን፣ የት ብሎ ይፈልግሃል? የቱ ገደል ላይ እንደሆናችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደምትወርዱ፣ በየትኛው ሰዓት ካልደወልክ ለማን መደወል እንዳለባት ወረቀት ላይ ጽፈህ ተውላት። ማኩረፍ ካለብህ እሱን ጽፈህ አኩርፍ።

ወደ አንቺ ልመለስ። አንድሪው ክሪስተንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በባልና ሚስት መካከል ደጋግሞ ያጠናው አንድ ዑደት አለ። አንዱ ይጠይቃል፣ ይወቅሳል፣ ይገፋል። ሌላው ዝም ይላል፣ ይሸሻል። የሸሸውን የበለጠ ይከተሉታል፤ የተከተሉት የበለጠ ይሸሻል። እናንተ ቤት የሆነው ይሄው ነው። «ከእኔና ከድንጋዩ ምረጥ» መልስ የሌለው ጥያቄ ነበር። አንቺን ከመረጠ የሚወደውን ነገር ተነጥቆ ቂም ይይዛል፤ ድንጋዩን መረጠ ማለት ደግሞ አይችልም፤ ስለዚህ ዝም አለ። ጥያቄውን አንሺው። «ያን ያልኩህን ትቼዋለሁ» በይው። መሸነፍ እንዳይመስልሽ። ከዝምታው እንዲወጣ በሩን እየከፈትሽለት ነው።

ሰዓት ምረጪ። ቅዳሜ ማታ ጫማውን ሲያስር አይሁን። እሑድ ደክሞት ሲገባም አይሁን። ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ሻይ ይዛችሁ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦

«አቦ ስማኝ፣ ልከስህ አይደለም። ገደሉን እፈራዋለሁ፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ በላይ የሚከፋኝ ቅዳሜ ማታ ብቻዬን ስቀር ነው። እኔም ባንድ መስማት ናፈቀኝ። ካንተ ጋር መውጣት ናፈቀኝ።»

ከዚያ ዝም በይ። አታብራሪ፣ ያለፈውን ዓመት አትዘርዝሪ። ይህን ቃል ካንቺ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ደብዳቤሽን ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ፤ «አብሬህ ልሂድ» ያልሽበት ቦታ የለም። እሱ «ደክሟታል፣ ልጅ አላት» ብሎ መጠየቁን ትቶ ይሆናል። አንቺ ደግሞ «ካልጠየቀኝማ አይፈልገኝም» ብለሽ ይሆናል። እንዲህ ሁለት ዓመት ይሄዳል።

ቀጥሎ ልጅቷን ማን ይይዛል? አማትሽ! «ተይው» ያሉሽን ሴትዮ እንደ ባላጋራ አትያቸው። ሄደሽ «እማማ፣ ተይው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ልተወው አልፈለግኩም። አብሬው ልወጣ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጅቷን ይያዙልኝ» በያቸው። ይህን ብላ የመጣች ምራት የምትመልስ አማት ጥቂት ናት። አንቺ ሄደሽ ሁለት ሰዓት ተቀምጠሽ መመለስ ትችያለሽ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ማንም አላስገደደሽም።

አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ባልና ሚስቶችን እጃቸውንና እግራቸውን እርስ በርስ አስረው፣ ፍራሽ ላይ እየዳኹ፣ ትራስ በመሃላቸው በሰውነታቸው ብቻ ይዘው እንዲሻገሩ አደረጓቸው። ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው። ሌሎቹን አሰልቺ ሥራ ሰጧቸው። የዳኹት ስለ ትዳራቸው የሰጡት ግምት ከሌሎቹ የተሻለ ነበር። ነገሩ ከእናንተ የራቀ አይደለም። አዲስ ነገር፣ ልብ የሚያስመታ ነገር፣ አብሮ ሲሠሩት ያቀራርባል። ባልሽ ይህን በየእሑዱ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እያገኘው ነው። ካንቺ ጋር ግን የሚያደርገው የልጅ ዳይፐርና የቤት ኪራይ ማስላት ብቻ ሆኗል። ገደል ውጪ እያልኩሽ አይደለም፤ ካማረሽ ውጪ። ግን አንድ ነገር የሁለታችሁ ይሁን። በባቡር አንድ ቀን ወጣ ማለት ይሁን፣ ሐረር ወጥቶ ጀጎልን በእግር መዞር ይሁን፣ ባንድ ይሁን፣ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

የራስሽም ጊዜ ያስፈልግሻል። እሱ እሑድን ከወሰደ አንቺም በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ይገባሻል። በዚያ ግማሽ ቀን ልጅቷ ከእሱ ጋር ብቻዋን ትውላለች። «ምን አበላት? ምን አለበሳት?» እያልሽ በየደቂቃው አትደውዪ። ገንፎው ቢጓጉልም ተይው፤ በልታው ታድጋለች።

ነገሩ ይከፋ ይሆን ብለሽ ለምትሰጊው አንድ ነገር ልበል። ሮበርት ቫለራንድ የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ ሰው ለሚወደው ነገር ያለውን ጽኑ ፍቅር ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ሰውዬው የሚይዘው ነው፤ ሲያስፈልግ ይተወዋል፣ ከቀረው ሕይወቱ ጋር ይስማማል። ሁለተኛው ሰውዬውን የያዘው ነው፤ መቅረት አይችልም፣ ቢቀር ቤቱን ያምሳል። ባልሽ የትኛው ነው? መልሱን አንቺው ጽፈሽልኛል፣ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ በቅንፍ ውስጥ፦ «ልጅቷ ያተኮሳት እሑድ እንኳ ቀርቶ አድሮ በፎጣ ሲያቀዘቅዛት ነበር።» «እንኳ» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆየሁ። መቅረት የሚችል ሰው ነው። እንግዲህ ከዚህ ንግግር በኋላም ጭራሽ አልሰማም ካለ፣ የቤት ገንዘብ ለገመድ መዋል ከጀመረ፣ ወይም የት እንደሚሄድ መደበቁን ከቀጠለ፣ ሁለታችሁም ወደ አማካሪ ኑ። ሽማግሌ ለመላክ ግን አትቸኩዪ። ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ተከሳሽ ይሆናል፤ ተከሳሽ ደግሞ ራሱን ከመከላከል ሌላ ነገር አይናገርም።

ለዛሬ አንድ ሥራ ብቻ አለሽ። ቀሚሷን ከቁም ሳጥን አውጪና ልበሻት። ከጠበበችሽ ሰፊ ጋ ውሰጃት፤ ዛሬ ከሰጠሽው እስከ ቅዳሜ ያደርስልሻል።